ሦስት ክረምት

ፋርማሲስት የሆንኩት በአራት ዓመት ነው። በሦስት መሆን እችል ነበር። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ አንድ ዓመት ከኪሴ እንደወደቀብኝ አድርጎ በሐዘኔታ ያየኛል። እኔ ግን ለዚያች አንድ ዓመት ፈጣሪዬን ሳላመሰግን የዋልኩበት ቀን የለም። ፈጣሪን ብቻ አይደለም፤ ጋሽ አባተን፣ ጋሽ ሀሩንን፣ መኪናቸው እንዳይወሰድባቸው ሲጨነቁ የነበሩትን አቶ ይርጉንም ጭምር ነው።

ነገሩ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ዘጠኝ፣ ሚያዝያ ላይ ነው የሆነው። እኔና እናቴ ካሮልተን ውስጥ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ተከራይተን እንኖር ነበር። ከመስኮታችን ማዶ ለአዲሱ ባቡር ድልድይ ይሠራ ስለነበር ከጠዋት ጀምሮ ሲቀጠቅጡብን ይውላሉ። እኔ ቀን ቀን ፋርማሲ ውስጥ ቴክኒሺያን ነኝ። ፋርማሲስቱ ያዘዘውን እንክብል ትሪ ላይ አምስት አምስት እያደረግሁ እቆጥራለሁ፣ ጠርሙስ ውስጥ እጨምራለሁ፣ ስም እለጥፋለሁ። ልማድ ሆኖብኝ እቤት ሽምብራ ስለቅም እንኳ አምስት አምስት አድርጌ ነው። ማታ ማታ ኮሌጅ ገብቼ ለፋርማሲ የሚጠየቀውን ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ስጨርስ፣ ሁለት ትምህርት ቤቶች ተቀበሉኝ።

ሁለቱም ከዳላስ የራቁ ናቸው። ከሁለቱም የሚወጣ ሰው የሚይዘው ዲግሪ አንድ ነው፤ የሚለብሰውም ያንኑ ነጭ ጋዎን ነው። አንደኛው እንደ ጥንቱ አራት ዓመት ይፈጃል። ሁለተኛው አራቱን ዓመት ጨምቆ በሦስት ያስጨርሳል። ሲጨመቅ የሚወጣው ደግሞ ዕረፍቱ ነው። በሰኔ ይጀመራል፤ ከዚያ ወዲያ ክረምት የለ፣ ቀና ብሎ መተንፈስ የለ።

እኔ ሲፈጥረኝ ችኩል ነኝ። ማይክሮዌቭ ፊት ቆሜ ሰከንዱ እስኪያልቅ መጠበቅ የማልችል ሰው ነኝ። ሥራ ቦታ ያሉትም፣ ቤተ ክርስቲያን ያሉትም «ሦስት ዓመት! ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ? ይሄ እኮ ሎተሪ ነው» አሉኝ። ግን የቸኮልኩት ስለ ራሴ አልነበረም። የቸኮልኩት በእናቴ እግር ምክንያት ነው።

እናቴ ከበቡሽ ትባላለች። አዲሰን ውስጥ አንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ቆማ አንሶላ ስታጥፍ ትውልና፣ ማታ ደግሞ እዚያው ሰፈር ቢሮ ታጸዳለች። ያን ዓመት ኢኮኖሚው ሲወድቅ ሆቴሉ ግማሹን ሠራተኛ አሰናበተ፤ የቀረው እጥፍ ይሠራ ጀመር። እቤት ስትገባ ወንበር ላይ ዘጭ ትላለች፣ እኔ ተንበርክኬ ጫማዋን አወልቅላታለሁ። እግሯ ጫማው ውስጥ ኩፍ ብሎ ይጠብቀኛል። ቁርጭምጭሚቷን በጣቴ ስጫናት የጣቴ አሻራ እዚያው ይቀራል። ያንን እያየሁ ነው አንድ ዓመት አንድ ዓመት ነው ያልኩት። አንድ ዓመት ቀድሜ ከጨረስኩ አንድ ዓመት ቀድማ ትቀመጣለች። ለእሷ ግን አልነገርኳትም። ብነግራት «እኔ ምን ሆንኩና!» ብላ ሦስተኛ ሥራ ትጨምራለች።

ስለዚህ አንድ ቀን እንደ ዋዛ «እማዬ፣ የሦስት ዓመቱን ነው የምወስደው» አልኳት።

«የፈቀድሽውን» አለች። ከዚያ «ክረምት የለውም?» ብላ ጠየቀችኝ።

«የለውም።»

«ሐምሌና ነሐሴም ትማሪያለሽ?»

«እማዬ፣ የለውም አልኩሽ እኮ!»

ተነሥታ የታጠበውን ድስት ደግማ አጠበችው። እኔም በችኮላዬ፣ የታጠበ ድስት የሚያጥብ ሰው ሆዱ ውስጥ ምን እንዳለ ሳልጠይቅ አለፍኩ።

መልሱ ሰኞ መድረስ ነበረበት። ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ከወትሮዋ ውጭ ቤት ዋለች፤ ጠራርጋ ጨረሰችና አየችኝ። «ያንን የተንዘላዘለ ቲሸርት ቀይሪው፣ ሰው ቢመጣስ» አለች። «ማን ይመጣል?» ስላት «ሰው ነዋ» ብላ፣ «ሱቅ ደርሼ ልምጣ» አለችና ወጣች።

ብዙም ሳትቆይ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ሦስት ሽማግሌዎች በሙሉ ልብስ ከነከራቫታቸው ተሰልፈው ቆመዋል። በዚያ ሙቀት ጋሽ አባተ ከኮታቸው ላይ ነጠላ ደርበዋል። ጋሽ አባተ አገር ቤት የትምህርት ቤት ዲሬክተር የነበሩ፣ እዚህ ኤርፖርት ፓርኪንግ ውስጥ የሚሠሩ ሰው ናቸው፤ ዳላስ ውስጥ የተጣላ ባልና ሚስት ሁሉ በእሳቸው እጅ አልፏል። ከጎናቸው በርበሬያችንን የምንገዛባቸው፣ እዚያው ግቢያችን ውስጥ የሚኖሩት ባለሱቁ ጋሽ ሀሩን አሉ። ሦስተኛው አቶ ይርጉ ናቸው፤ ከእናቴ ጋር አንድ ቤተ ክርስቲያን ያስቀድሳሉ።

«ግቡ፣ ግቡ፤ እማዬ ሱቅ ሄዳ ነው፤ ተቀመጡ» አልኩ።

ገቡ። ግን ሶፋው ፊት እንደቆሙ ቀሩ።

«አንቀመጥም» አሉ ጋሽ አባተ። «የመጣንበትን ጉዳይ ሳንናገር አንቀመጥም።»

በእኛ አገር ያደገች ሴት ልጅ፣ ሦስት ሽማግሌ ከራቫታውን አስሮ መጥቶ አልቀመጥም ሲል ምን ማለት እንደሆነ አስተርጓሚ አያስፈልጋትም። ባንድ ጊዜ ሚኪያስ ትዝ አለኝ። ሚኪያስ ፕሌኖ ኮምፒውተር የሚሠራ ልጅ ነው። ባለፈው ወር ከቅዳሴ ስንወጣ የመኪናዬ ባትሪ ሞቶ ከራሱ መኪና ጃምፕ አድርጎ አስነሥቶልኝ፣ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ኮል አድርጎልኛል። ታዲያ በዚህ ተደፋፍሮ ሽማግሌ ይልካል? ደሜ ፈላ። እናቴም አውቃ ነው የወጣችው! ቲሸርቱ! አሁን ሁሉም ገባኝ ብዬ፣ እነሱ አፋቸውን ሳይከፍቱ እኔ ከፈትኩ።

«ጋሼ፣ በክብር ስለመጣችሁ አከብራችኋለሁ። ግን እኔ አሁን ትዳር የሚባል ነገር አላስብም። ትምህርት ልጀምር ነው። ሚኪያስንም ቢሆን ባትሪዬን ጃምፕ ስላደረገልኝ አመሰግነዋለሁ፤ ማለቴ፣ ሰው በባትሪ ምክንያት አያገባም!»

ሦስቱም ተያዩ።

«ሚኪያስ ማነው?» አሉ አቶ ይርጉ።

«ያ የፕሌኖው ረጅሙ ልጅ ይሆናል» አሉ ጋሽ ሀሩን ጢማቸውን እያሻሹ። «ሱቅ ይመጣል። ደህና ልጅ ነው።»

ጋሽ አባተ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ የሚኪያስ ጉዳይ በሌላ ቀጠሮ ይታያል። እኛ ለሌላ ነው የመጣነው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሳልጠየቅ እንቢ ያልኩ የመጀመሪያዋ ሴት እኔ ሳልሆን አልቀርም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ አፍስሼ የምለቅመው እንኳ ጠፋኝ።

ጋሽ አባተ ነጠላቸውን አስተካክለው በወጉ ጀመሩ። «የላከን ሰው አለ። ሴት ናት። በላቧ ያደረች፣ የሰው ፊት ያላየች፣ በዚህ ከተማ ማንም ክፉ ስሟን አንሥቶ የማያውቅ ሴት ናት። አንዲት ልጅ አለቻት። ከዚያች ልጅ የምትፈልገው ነገር አለ፤ ራስሽ ጠይቂያት ብንላት አፍ የለኝም አለችን። እኛም እሷን ወክለን ደጅሽ ቆመናል።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ዓይኔ ወንበሩ ላይ የተንጠለጠለው የእናቴ ቦርሳ ላይ አረፈ። ሱቅ የሚሄድ ሰው ቦርሳውን ጥሎ አይሄድም።

«እናቴ ናት?»

«እናትሽ ናት።»

«በገዛ ልጇ ላይ ሽማግሌ ላከች? አንድ ክፍል ውስጥ እየተኛን? ዞር ብላ አትነግረኝም ነበር?»

እውነቱን ለመናገር ተናደድኩ፤ ነገራችን አደባባይ የወጣ መሰለኝ። ጋሽ ሀሩን ቀስ ብለው መለሱልኝ። «ሽማግሌ ለምን እንደሚላክ ታውቂያለሽ? የተጠየቀው ሰው እንቢ ማለት እንዲችል ነው። እሷ ዓይን ዓይንሽን እያየች ብትጠይቅሽ እንቢ ትያታለሽ? አትያትም። ሶ፣ አላስጨንቃትም ብላ እኛን ላከች። እኛን እንቢ ብትይን ከራቫታችንን ፈተን እንሄዳለን። እሷም ምንም እንዳልጠየቀች ሆና ሻንጣሽን ታዘጋጅልሻለች።»

ንዴቴ እንደተነሣ ባንዴ በረደ። «ምንድን ነው የፈለገችው?» አልኩ።

«ሦስት ክረምት» አሉ ጋሽ አባተ።

«ምን?»

«አጣርተናል። የሦስት ዓመቱ ትምህርት ቤት ክረምት የለውም። የአራት ዓመቱ አለው፤ የዘንድሮው፣ የመጪው፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለው። ከዚያ ወዲያ ሆስፒታል ለልምምድ ስለምትገቢ የለም። ሦስት ብቻ ነው። እናትሽ እነዚያን ሦስት ክረምት ስጪኝ ትልሻለች።»

ክረምት ለምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ።

እናቴ ጥላኝ ስትወጣ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ ሞቷል። እሷ በሱዳን በኩል ተሰደደች፤ እኔ ደብረ ብርሃን አክስቴ አይናዲስ ዘንድ ቀረሁ። ከካርቱም ትደውላለች፣ በኋላም ከዳላስ ትደውላለች። ስልኩ የጎረቤት ስለነበር እየሮጥን ነው የምንሄደው። ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ትለኛለች፤ «ለክረምት እመጣለሁ።» ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ዝናቡ ይጀምራል፣ እኔ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ከአስፋልቱ የሚገነጠል መኪና ሁሉ እቆጥራለሁ። ወረቀቷ አላለቀም ነበርና አትመጣም። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ «ለክረምት እመጣለሁ» ትላለች። ከፍ ስል በረንዳው ላይ መቀመጤን ተውኩ፤ ብላ ብላም እሷ ማለቱን ተወች። አስራ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ አስመጣችኝና ዳላስ ኤርፖርት አቅፋኝ አለቀሰች። ከዚያ በኋላስ? ከዚያ በኋላ እሷ ሁለት ሥራ፣ እኔ ትምህርትና ሥራ። አንድ ጣሪያ ሥር ሰባት ዓመት ኖረን፣ በደንብ የምንገናኘው ጫማዋን ሳወልቅ ብቻ ነበር።

ጋሽ አባተ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቀጠሉ። «‹በየዓመቱ ለክረምት እመጣለሁ እያልኩ ስንት ዓመት የቀረሁ እናት፣ ልጄን ክረምቱን ከእኔ ጋር ሁኚ የምልበት አፍ ከየት ላምጣ?› ብላለች። ቃሏ ይኸው ነው። የጨመርነውም የቀነስነውም የለም።»

አለቀስኩ። ሽማግሌ ፊት አይለቀስም ቢባልም አለቀስኩ። አቶ ይርጉ ደንግጠው ከኪሳቸው የምግብ ቤት ናፕኪን አውጥተው ሰጡኝ።

«እኔ እኮ የቸኮልኩት ለእሷ ብዬ ነው!» አልኩ። «እግሯን አይታችሁታል? አንድ ዓመት ቀድሜ ልጨርስና ትቀመጥ ብዬ እኮ ነው!»

ጋሽ ሀሩን ወደ በሩ ዞሩ። «ይህን ልንገራት?»

«የት ናት?»

«ታች ደረጃው ላይ ተቀምጣለች።»

ልወጣ ስል ጋሽ አባተ እጃቸውን ዘረጉ። «ተይ! ላኪና የተላከባት በሽምግልና መሃል አይገናኙም። በወጉ ይለቅ።»

ችኩልነቴ ተመለሰ። ግን በዚያች ሰዓት ወጉ ራሱ መንገድ እንደከፈተልኝ ገባኝ። ሽማግሌ የተላከባት ወገን ቅድመ ሁኔታ ማቅረብ ትችላለች። «መልካም» አልኩና እንባዬን ጠረግሁ። «እሺ ከማለቴ በፊት እኔም የምጠይቀው አለ። አንደኛ፣ እግሯን ሐኪም ታሳይ። ሁለተኛ፣ የማታውን ሥራ ትተው።»

ጋሽ ሀሩን ወረዱ። ጋሽ አባተና አቶ ይርጉ እንደቆሙ፣ እኔም እንደቆምኩ ጠበቅን። ተመልሰው ሲመጡ ትንፋሽ አጥሯቸው ነበር።

«የቸኮልሽው ለእሷ ብለሽ መሆኑን የነገርኳት ጊዜ አለቀሰች» አሉ። «ሐኪሙን እሺ ብላለች። የማታውን ሥራ ግን ለክረምት ለክረምት ብቻ ነው የምተወው ትላለች።»

«ለሁልጊዜ በሏት።»

«ልጄ፣ ጉልበቴ» አሉ ጋሽ ሀሩን። ቢሆንም ወረዱ።

«እኔ የምለው፣» አሉ አቶ ይርጉ መስኮቱን እያዩ፣ «ፓርክ ያደረግሁት ሪዘርቭድ የሚል ቦታ ላይ ነው። ቶው አድርገው ይወስዱብኝ ይሆን?»

«ያደርጋሉ» አልኳቸው። «እዚህ ግቢ አይምሩም።»

«እንግዲህ ጨርሱ!»

ጋሽ ሀሩን የኮታቸውን ቁልፍ ፈተው ተመለሱ። «አሁን ደግሞ እሷ አዲስ ነገር አመጣች። ፕሌኖ አንድ የአዛውንቶች ቤት የቀን ሥራ አግኝታ ነበር፤ ብዙውን ተቀምጠሽ ነው የምትሠሪው ብለዋታል። መኪና ስለማትነዳ ቀረባት። ለአንቺ አልነገረችሽም። ‹በክረምቱ መንዳት ካስተማረችኝ የማታውን ለዘለዓለም እተዋለሁ› ብላለች።»

ሳቄ ከእንባዬ ጋር ተደባልቆ መጣ። እናቴ ከጎኔ ስትቀመጥ፣ ሌይን በቀየርኩ ቁጥር እመብርሃንን የምትጠራ ሰው ናት። እሷ ልትነዳ!

«ኦኬ። አስተምራታለሁ» አልኩ።

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ ጋሽ አባተ። ቅር ያላቸው ይመስላሉ። «በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም። ‹መክረን እንጥራችኋለን› ትያለሽ፣ እኛ ደግመን እንመጣለን። ሽማግሌ ተመላልሶ ነው የሚከብረው።»

«ጋሼ፣ ዴድላይኑ ሰኞ ነው።»

ጋሽ አባተ ዴድላይን የሚባለውን ነገር በወጉ ውስጥ የት እንደሚያስገቡት ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያው ቀስ በቀስ ነው...» ብለው ሲጀምሩ፣ «እንቁላሉን ይተዉት ጋሼ፣ ይቀመጡ» አልኳቸው። ሳቁ። «ላኪያችሁን እሺ ብላለች በሉልኝ። የአራት ዓመቱን እወስዳለሁ። ሦስቱም ክረምት የእሷ ነው።»

ያን ጊዜ ተቀመጡ። ሦስቱም ባንድ ላይ ሲቀመጡ ሶፋችን ጮኸ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልናገር። በመጀመሪያው ክረምት እናቴ ባዶ ፓርኪንግ ውስጥ ብቻውን የቆመ የቆሻሻ ገንዳ ገጭታለች። በሁለተኛው ክረምት ፈቃድ አውጥታ ፕሌኖ ሥራ ጀመረች፤ የእግሯም እብጠት በመድኃኒትና በመቀመጥ ጎደለ። ስንነዳ እያወራን ነበር። የወለደችኝን ቀን የማውቀው ከዚያ ነው፣ የአባቴን አሳሳቅ የማውቀው ከዚያ ነው። ለምን በሱዳን በኩል እንደወጣችም ቀይ መብራት ላይ ቆመን ነገረችኝ፤ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላ ጥሩምባ እስኪነፉብን ድረስ። በሦስተኛው ክረምት ፋርማሲ ሥራዬ ድረስ እየመጣች ትወስደኝ ጀመር፤ እኔ ነኝ ከጎኗ ተቀምጬ እመብርሃንን የምጠራው። አንድ ዓመት ዘግይቼ ሥራ ያዝኩ። ምንም አልጎደለብኝም። ዛሬም ከባንኮኒዬ ጀርባ ቆሜ እንክብል አምስት አምስት ሳደርግ ድንገት ደስ የሚለኝ ጊዜ አለ፤ ምክንያቱን አውቀዋለሁ።

ያን ቅዳሜ ግን ከዚህ ሁሉ አንዱንም አላውቅም ነበር። ጋሽ አባተ ለምርቃት ተነሡ፤ እኛም አብረን ተነሣን።

«የተለያየውን ያገናኘ አምላክ ይመስገን» አሉ መዳፋቸውን ዘርግተው። «ያለፈውን ክረምት በመጪው ይካስላችሁ።»

እኛ አፋችንን ሳንከፍት ከበሩ ውጭ «አሜን!» የሚል ድምፅ መጣ። ከሁላችንም የቀደመ፣ ከሁላችንም የጮኸ አሜን ነበር። ታች ደረጃ ላይ ተቀምጣለች የተባለችው እናቴ ለካ ከጋሽ ሀሩን ኋላ ኋላ ወጥታ በራችን ላይ ተለጥፋ ትሰማ ኖሯል። አቶ ይርጉ ሳቃቸው ከመኪናቸው ጭንቀት በለጠባቸው። ጋሽ አባተ እንኳ ስለ ወጉ ምንም አልተናገሩም።

በሩን ከፈትኩት። ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ባዶ እግሯን፣ ዓይኗ ቀልቶ ቆማለች። ስታየኝ አቀረቀረች። በዚያ ሁሉ ዓመት በረንዳው ላይ ተቀምጬ የጠበቅኋት ሴት ቤቴ በር ላይ ነበረች። ጫማውን ከእጇ ተቀበልኳት።

«ዘንድሮስ መጣሁ» አለችኝ።